በር ከፋቹ

ሐይቅ ከተማ ያለ የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ወርዶ የግቢውን በር ራሱ ይከፍታል። አዲሱ ሾፌር ለምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» አለው።

ጦርነቱ የደረሰ ለት መመሪያው ከሌላ ቦታ ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ብቻ ይውጡ ይል ነበር። መኪናው ውስጥ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተርፎ ነበር። እሱ ግን ለዘበኛው ለጋሽ ፈንታሁን በመስኮት፣ «እርስዎ እንኳ አገርዎ ነው» ብሏቸው ሄደ። ሲመለስ የቀኝ እጅጌያቸው ባዶውን ተንጠልጥሎ አገኘው። እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቀም።

ዛሬም መቀርቀሪያውን ሊስብ ሲል ጋሽ ፈንታሁን በግራቸው ቀደሙት።

«ይተዉት ለኔ» አሉት፤ «ያን ለትም የከፈትኩልዎ እኔ ነኝ።»