ወደ አሊዩ አምባ ያልወረድኩበት ቀን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ የሰጠኝ መፍቻ ሳይሆን ካፖርት ነው። «ልበሰው፤ ፍሪጅ እየጠገንክ በብርድ ብትሞት መሳቂያ ታደርገኛለህ» አለኝ። ሱቁ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ውርጭ ባየለበት ጠዋት ብረት መንካት ያስጠላል።

የሰፈሩ ሰው ዝም ብሎ አያልፈንም። «እናንተ ሰዎች፣ እዚህ አገር ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ማን ነው? ምድጃ ጠግኑ እንጂ!» ይሉናል። ጋሽ ደምሴ ቀና ሳይል «ለእናንተማ ብርዱን እግዜር በነፃ ሰጥቷችኋል፤ እኛ የምንሠራው ለተነፈጉት ነው» ይላል። እውነቱን ነው። እንጀራችን የሚወጣው ከቆላ ነበር፤ የአሊዩ አምባ ለስላሳ ሻጮች ፍሪጅ፣ የመድኃኒት ቤት ፍሪጅ፣ ወደ አፋር የሚወርድ መኪና።

ጋሽ ደምሴ አንድ ደንብ ነበረው። የመኪና ማቀዝቀዣ ከጠገነ ከባለመኪናው ጋር ተሳፍሮ፣ ከደጋው ጫፍ ከጎረቤላ ቁልቁል፣ አሊዩ አምባ ድረስ ይወርዳል። «ደብረ ብርሃን ላይ የማይቀዘቅዝ ማሽን የለም» ይል ነበር። ውጪው እያቃጠለ ውስጡ ሲበርድ ያኔ እጁን ይጠርግና ፓፓያ ገዝቶ ባገኘው መኪና ይመለሳል። እኔ ደግሞ «አንተ እኮ የምትወርደው ለፓፓያው ነው» እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ወረድን። ከላይ ጋቢ ተከናንበን እንነሳለን፤ ጎረቤላን ስናልፍ ጋቢው ይወልቃል፤ ገደሉን ስንጨርስ ሸሚዝም ይከብዳል። እሱ መንገዱን ሙሉ ያወራል፣ እኔ እስቃለሁ። ሲሞት ሱቁ ለእኔ ቀረ። እሱ ግን ናፈቀኝ፤ አሁንም ይናፍቀኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ቤት መኪና ይዘው መጡ። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። ጣራው ላይ ማቀዝቀዣ፣ ከሥሩ ጄኔሬተር አለው። «ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ቢግልም ማሽኑ ቶሎ ይጠፋል» አሉኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የነርቭ ሕመም አለባቸው፤ ሙቀት ሲነካቸው እግራቸው ይከዳቸዋል። የተወለዱት አሊዩ አምባ ነው። እናታቸው እዚያ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል፣ ያንን ዳገት በመኪናም ቢሆን አይችሉትም። ልጅ መውረድ አትችል፣ እናት መውጣት አትችል።

«ድምጿን በስልክ በየቀኑ እሰማለሁ» አሉኝ። «ዓይኗን ካየሁ ግን ስድስት ዓመት አለፈኝ። ይህን መኪና የገዛነው ለሷ ብለን ነው። ይሠራል ወይ ወንድሜ?»

«አይዞዎት እትዬ፣ ነገ እናትዎ ጋ ነዎት» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ግድግዳው ላይ ወዳለው ቴርሞስታት የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች አገናኘሁ፤ ማሽኑ ተነሣ። ስለዚህ ማሽኑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የክፍሉን ሙቀት እየለካ ተነሥ፣ እረፍ ብሎ ትእዛዝ ከሚሰጠው ከቴርሞስታቱ ነው ብዬ ፈረድኩ። አዲስ ቀየርኩ። በእኛ ብርድ ቴርሞስታት የሚፈተነው በሰው ገላ ነው፤ በመዳፌ አፍኜ አሞቅሁት፣ ጠቅ አለና ማሽኑን አስነሣ። ከጀርባው ሽቦ የሚያልፍባት፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ነፋስ ይገባባታል። አየኋት፤ በአዲሱ ዕቃ ሸፈንኳትና አለፍኩ።

«አብረኸን ትወርዳለህ አይደል? የዚህ ሱቅ ደንብ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አያስፈልግም ጋሼ፣ ፈትኜዋለሁ» አልኩ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ያለ ጋሽ ደምሴ ያ መንገድ ጭር ይልብኝ ነበር። ቀረሁ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። «ማሽኑ ይጮሃል፣ አየር ግን አይወጣውም! እሷ ደከመችብኝ! ወደ ጎረቤላ እየተመለስን ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። ባገኘሁት ሚኒባስ በረርኩ።

ጎረቤላ ደርሼ የማቀዝቀዣውን ክዳን ስከፍት ውስጡ በረዶ ጋግሯል። ያኔ ገባኝ። የቆላው ትኩስ አየር በዚያች ቀዳዳ እየገባ ቴርሞስታቱን ያሞቀዋል፤ ክፍሉ በርዶም እሱ ገና ነው ይላል። ማሽኑ ዕረፍት አጥቶ ሠርቶ ሠርቶ በራሱ በረዶ ታፈነ። ደጋ ላይ ደግሞ በዚያችው ቀዳዳ ብርድ እየገባ ቶሎ ያጠፋው ነበር። አውጥቼ የጣልኩት ቴርሞስታት ምንም አልነበረበትም። ከፍራሹ ጥግ ስፖንጅ ቆርጬ ቀዳዳዋን ደፈንኳት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እትዬ ዘሐራ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልለው ተኝተዋል። «ጣራውን አየሁት» አሉኝ። «ከላይ ከመታጠፊያው ላይ የቤታችንን ጣራ አየሁት።»

«ነገ እኔው ራሴ አብሬ ወርጄ አደርስዎታለሁ» አልኩ።

«ነገ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አሉ ጋሽ ሰይድ። አልተቆጡም። ምነው በሰደቡኝ!

እትዬ ዘሐራ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ብዙ ወር ተኙ። ሲሻላቸው ክረምት ገባ፣ መንገዱ ተናደ። መስከረም አጋማሽ ላይ ጋሽ ሰይድ ደወሉ። «እናቷ ትናንት አረፉ። ተቀብረዋል። መንገዱም ሰሞኑን ተከፍቷል፣ ለለቅሶው እንውረድ ብላለች፤ ማሽኑ ያደርሳታል?»

«ያደርሳቸዋል። እኔም አለሁ» አልኩ።

ከቴርሞስታቱ አጠገብ ተቀምጬ ወረድኩ። ማሽኑ ይነሣል፣ ያርፋል፣ ይነሣል። ውጪው ያቃጥላል፤ ውስጡ እንደ ደብረ ብርሃን ነበር። ያ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ እትዬ ዘሐራ ፊታቸውን ከመስኮቱ አዞሩ። ቤቱ ደጃፍ ስንቆም በራሳቸው እግር ተነሡ።

ሴቶቹ እያለቀሱ ወጡ። እሳቸው የመኪናውን በር ከመክፈታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩና «በደንብ ይቀዘቅዛል፣ አላህ ይስጥህ» አሉኝ። ከአንጀታቸው ነው ያሉት። እነሱ ገቡ፤ እኔ ጄኔሬተሩን አጠፋሁና የመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ሱቁን ዘጋሁ። በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ዕቃውን በሚሠራበት ቦታ ሳታዩት ተሠርቷል አትበሉ። አብሯችሁ የሚወርድ ሰው ባይኖርም ውረዱ።