ልጄን የጣልሁበት ፈተና

በደርግ ጊዜ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ለገበሬ ማኅበራችን የውሃ መሳቢያ ሞተር ተሰጥቶ ነበር። የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሐይቅ ከተማ ወፍጮ ቤት ስሠራ፣ ሲፈታና ሲገጠም እያየሁ ለመድሁት።

ሁለተኛ ሞተር ሊመጣ ሲል ማሠልጠኛ ተከፈተ። ከሠልጣኞቹ በፈተና አንደኛ የወጣ በሞተሩ ላይ ይቀጠራል። ልጄም ገባችበት። ከአውራጃ የመጣው ትእዛዝ «ትምህርቱ ከሥራው ጋር ይስማማ፤ ሠራተኛው ማወቅ ያለበት ተዘርዝሮ ይጻፍ» የሚል ነበር። ዝርዝሩን ከአሠልጣኙ ጋር እንዳወጣ፣ ኋላም እንድፈትን እኔን መረጡኝ።

አሠልጣኙን አላመንሁትም። እጁ ላይ የግራሶ ቅባት አይቼ አላውቅም። ደግሞ ባገኘኝ ቁጥር «ልጅዎ ጎበዝ ናት አባባ» ይለኛል። ምን ፈልጎ ነው? እያልሁ አስባለሁ።

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታ የምንለው፣ በብሎኖች ይታሰራል። እኔ ከአንድ ጫፍ ጀምሬ በተራ አንድ በአንድ አጠብቃቸው ነበር፤ እንዲሁ ይጻፍ አልሁ።

«ከመኻል ተጀምሮ፣ ግራ ቀኝ እያሉ በጥቂት በጥቂቱ ነው አባባ። የሞተሩ መጽሐፍም እንዲያ ይላል» አለ አሠልጣኙ።

«መጽሐፉ ሞተር ፈትቶ ያውቃል?»

እዚያ የነበረው ገበሬ ሁሉ ሳቀ። እሱም ፊቱ ቀልቶ እኔ ያልሁትን ጻፈ። ቶሎ መሸነፉ ደግሞ ይብስ አስጠረጠረኝ።

በፈተናው ቀን ልጄ የብሎን ቁልፉን አንሥታ ከመኻል ማጥበቅ ጀመረች።

«ዝርዝሩ እንዲህ ይላል?»

«አይልም አባ። ግን ቴስታታው እንዳይጣመም ነው።»

አሠልጣኙን ቀና ብዬ ሳየው መሬት መሬት ያያል። ተመካክረዋል አልሁ። የቆመውም ሰው ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ለልጁ አደላ ሊለኝ። ጣልኋት። ብሎኖቹን በተራ ያጠበቀው ሌላው ሠልጣኝ ሥራውን ወሰደው።

አዲሱ ሞተር ብዙ አልቆየም። ለጥገና ፈትተን ስንገጥመው ብሎኖቹ እንደ ዝርዝሩ በተራ ጠበቁ። ከዚያ ከቴስታታው ሥር ያለው ስስ ማሸጊያ፣ ጋርኒሽኑ፣ ተቃጠለና ውሃ ከዘይቱ ገባ። ክዳኑን አንሥቼ ጠፍጣፋ ብረት ባስደግፍበት ባንድ ወገን ብርሃን ያሳልፋል፤ ተጣሟል። የእኔም ሞተር በየበጋው ጋርኒሽን ይበላ ነበር። እኔ ግን የሸጠልኝን ነጋዴ ሌባ ስለው ኖሬአለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነሥቼ «ዝርዝሩ ይታረም። ትክክሉ አሠልጣኙ ያለው ነው። ልጄንም የጣልኋት በማይገባ ነው» አልሁ።

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «አይ ጓድ! ዛሬ ገና ልጅ እንዳለህ ትዝ አለህ?»

ለዘመድ ማድላት ነውር ነው። አላደላም ለመባል ዘመድን መበደልም ያው ነውር ነው፤ ይህን ዘግይቼ ተማርሁ። ዝርዝሩ ታረመ፤ ቅጥሩ ግን አልተነካም።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኋት።

«ሥራውስ?» አለች።

«ሥራው ሄዷል።»

«የተጣመመውን ማን ሊገጥመው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቴስታታው ከተማ ተልኮ ተስተካክሎ ሲመጣ የገጠመችው እሷ ናት። እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ፤ የተቀጠረው ልጅ ቆሞ ያያል።

ሞተሩን ላስነሣ እጄን ስሰድ «እጅህን አንሣ አባ፣ ገና አልጠበቀም» አለችኝ። አነሣሁ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ውሃውም ወጣ። እሷ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ቤት ሄደች፤ ሞተሩ ዘንድ የቀረው ያ በፈተናው ያሳለፍሁት ልጅ ነው።