ሰም የጠጣ ሸራ

ዛሬ ጠዋት ሸራውን ከተሰቀለበት አውርጄ ደጅ ላይ ስፈታው ያ ሽታ ወጣ። ሰም፣ ቅባኑግ፣ ትንሽ የኩበት ጭስ። ለአፍታ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። የልጅ ልጄ ግን አፍንጫዋን ይዛ «አያቴ፣ ይሄን ነገር ለምን አይጥሉትም? ማንኩሳ ገበያ ላስቲክ እንደ ጉድ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ላስቲክ ሞልቷል፤ ሰማያዊውም ቢጫውም። አንድ ክረምት ያገለግልና በጋ ሲመጣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይበጣጠሳል። ይህ ሸራ ግን የአባቷ ታላቅ ነው። አባቷ የተወለደውም እዚሁ ሸራ ሥር ነው። ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ፤ አሮጊት የምታወራው ተረት መሰላት። እሷ ካልሰማችኝ እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ጣሊያን አገራችን ላይ በነበረበት ዘመን እኔ ሙሽራ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ፈረስ ቤት፣ ደጋው ላይ፣ ንብ አርቢ አባቴ ቤት ነው። የተዳርኩት ወዲህ ወደ ማንኩሳ ነው። ባሌ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይል ነበር። ይህን የሰማ ባንዳ ሰኔ ላይ መጣና ቤታችንን አቃጠለው።

ሰኔ ላይ ቤት መቃጠል ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ጎጆ የሚከደንበት ሣር የሚታጨደው ዝናቡ አልፎ ኅዳር ሲገባ ነው። እስከዚያ ግድግዳ ብታቆሙ እንኳ ክዳን ከየት ታመጣላችሁ? እኔ ደግሞ ነሐሴ ላይ ልወልድ ነበር። በአገራችን ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ እናቴም ገንፎውን እያሰበች ፈረስ ቤት ትጠብቀኝ ነበር። መንገዱን ግን ጣሊያን ይዞታል። የአርበኛ ሚስት ያን ሁሉ ሆድ ይዛ በወታደር መሐል ልለፍ ብትል ማን ያሳልፋታል? ስለዚህ እኔና አማቴ ብር ከሚባለው ወንዝ ወዲህ ካለው ጫካ ገብተን፣ ቅርንጫፍ ተክለን፣ ቅጠል አልብሰን ተቀመጥን። ቅጠሉ ዝናቡን የሚያጣራው እንጂ የሚያስቀረው አልነበረም። እርጥብ መሬት ላይ የሚወለድ ልጅ ብርድ ይወስደዋል፤ ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር፣ አንዳችንም አንናገረውም።

እኔማ ሌላውንም ነገር አልናገርም። ያኔ ምራት አማቷ ፊት ድምፅዋ አይሰማም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች፤ ሲያዟት ትሠራለች፤ ሲጠይቋት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ፊት ለፊታቸው አትበላም። ልጅ ወልዳ ስትታቀፍ ነው አፏ የሚፈታው። በመንደር ውስጥ ይህ ምንም አይከብድም፣ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ጫካ ውስጥ፣ ሁለት ሴት ብቻ፣ አንዷ አፏን ለጉማ! አማቴ ደግሞ ወሬ የሚወዱ፣ ሲስቁ ከወንዝ ማዶ የሚሰሙ ሴት ነበሩ። ጭንቅ ሲላቸው እሳቸው ጠይቀው እሳቸው ይመልሱ ጀመር።

«ርቦሻል አንች ሙሽራየ? አዎ፣ እንዴት አይርበኝ። እሽ፣ በይ እንግዲህ ብይ።» ይሉና ምግቡን አጠገቤ አስቀምጠው ጀርባቸውን ይሰጡኛል። እስክጨርስ ዛፍ ይቆጥራሉ። ያን ጀርባ ዛሬም አያለሁ፤ የትከሻቸው አጥንት በቀሚሳቸው ላይ ወጥቶ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ባሌ ድንገት መጣ። ወደ ቡሬ የሚሄድ ካሚዮን ጭቃ ይዞት ኖሮ ከጓደኞቹ ጋር ደርሰውበታል። ሌላው ጥይትና ጠመንጃ ሲሻማ የኔው ጀግና የካሚዮኑን ሸራ ተሸክሞ መጣ። እግራችን ሥር ዘረገፈውና «ይኸው ቤት!» አለን፤ አንበሳ የገደለ ነው የሚመስለው። ጓደኞቹ ሲስቁበት እንደከረሙ ኋላ ሰማሁ። ሆዴን በስርቆት ዓይን አየት አደረገና ሳይቀመጥ ተመልሶ ሄደ።

ሸራው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከቅርንጫፉ ላይ ወጥረን ከሥሩ ገባን፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ዝናቡ ሲመጣ ግን ጥይት በበሳው በኩል ጠብ አለ፣ በስፌቱ በኩል ጠብ አለ፣ ቀና ስል ራሴ የነካው ቦታ ሁሉ ጠብ ጠብ አለ። ውኃው ሆዴ ላይ ሲያርፍ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ያውም ድምፅ ሳላሰማ። አማቴ ወደ ላይ አንጋጠው አዩትና «የጣሊያን ነገር! ስናየው ሸራ፣ ስንገባበት ወንፊት!» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ አይደል» አሉኝ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደተቃጠለው ቤታችን ሄደው ከእህል ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ነገር አወጡ፤ አንድ ቅል ቅባኑግና አንድ ማሰሮ ሰፈፍ። ማሩ ተጨምቆ የሚቀረውን ሰፈፍ አውቃችሁት ይሆናል፤ ያ ነው ነጥሮ ሰም የሚሆነው። አማቴ ለደብራችን ለማርያም ጧፍ የሚሠሩ ነበሩና ሰፈፉ የቤተ ክርስቲያን ነበር። ማሰሮውን ፊታቸው አድርገው ብዙ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት እንደሚያናግር ሰው፣ «እመቤቴ፣ አንችም በረት ነው የወለድሽ። ጣራ ማጣትን ላንች አልነግርሽም። ለጧፍሽ ያልኩትን ልበደርሽ ነውና እንዳትቀየሚኝ» አሉ። ተነሡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ጣፉ። ከሸራው ዳር ቆርጠው፣ ጥጥ ፈትለው፣ ክሩን ልክ እንደ ጧፍ ክር በሰፈፉ እያሹ በወፍራም መርፌ ሰፉት። በዚያ ጥድፊያ ላይ ማሳመራቸው! የጣፉት ዛሬም አልተተረተረም። ቀጥሎ ጨርቁን ሁሉ ሰም ማስጠጣት ነበረባቸው፤ እዚህ ላይ ግን ጭሱን ፈሩ። ሰፈፍ ሰም የሚሆነው በውኃ ፈልቶ፣ ጠልሎ ነው። ቀን እሳት ብናነድ ጭሱ ከዛፉ በላይ ይወጣል፣ ባንዳ ያየዋል። ስለዚህ ሰፈፉን ሳያፈሉ፣ በገል ላይ ባለች ትንሽ ፍም እያለሰለሱ፣ እንዲያው እንዳለ ሸራውን ያሹት ጀመር።

እኔ የንብ አርቢ ልጅ ነኝ። ሰፈፉ ውስጥ ማር እንዳለ ሽታው ነገረኝ። ክረምት ላይ አበባ እንደሌለ፣ ንብ በዚያ ወራት ምን ያህል እንደሚርበው አባቴ በልጅነቴ አሳይቶኛል። አውቃለሁ፤ ግን ምራት ነኝ። አንዴ ጎሮሮዬን ጠረግሁ። አማቴ «ብርድ ያዘሽ?» አሉና ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች። በሐምሌ ያን የመሰለች ፀሐይ ብርቅ ናት፤ ሸራው ሞቀ፣ ጫካው ሁሉ ማር ማር ሸተተ። አንድ ንብ መጣች። አማቴ «እሰይ፣ እንግዳ» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ሸራው ጠቆረ። የጫካው ንብ በሙሉ ተጠርቶ የመጣ ነው የሚመስለው። አማቴ ደንግጠው ነጠላቸውን አውልቀው መማታት ጀመሩ፤ የተመታ ንብ ደግሞ እንዴት እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው። ራሳቸውን ሲከባቸው አየሁ።

«እሜቴ! አይማቱ! ባሉበት ይቁሙ!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ነጠላዬ ከፊቴ ወድቋል፤ ሆዴን በአንድ እጄ ደግፌ፣ በሌላው ኩበት ፍሙ ላይ ጥዬ፣ እርጥብ ቅጠል አደረግሁበትና ጭሱን በአማቴ ዙሪያ አዞርኩት። ንቡ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ። ጭሱም አብሮት ተነሣ፣ ከዛፉ አልፎ ወጣ። ሁለታችንም እሱን እያየን ትንፋሻችንን ያዝን። ደግነቱ ደመናው ተመልሶ መጣና ዝናቡ ጭሱንም ንቡንም አጠፋልን።

አማቴ የግራ ዓይናቸው ቆብ እንደ ሎሚ አብጧል። በቀረችው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነጠላዬን ስፈልግ ያ ሳቃቸው መጣ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ድምፅ አለሽ ለካ! እኔ ልጀ ዲዳ አግብቶብኝ ነው ብየ ስንቴ ለማርያም ነገርኳት መሰለሽ!»

እኔም ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ።

«ሰፈፉ ማር አለበት እኮ፣ እሜቴ» አልኳቸው ሲበርድልን። «ንቡ ርቦታል።»

«ጠፍቶኝ መሰለሽ? ጭሱን ፈርቸ ነው እንጅ። የንቡን ሆድ ግን ማን አሰበው! አንችስ ካወቅሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምራት ነኛ።»

«ተይ እባክሽ! ምራትነትሽ አገራችን ስንገባ ይደርሳል። እዚህ ዝንጀሮ ነው የሚያየን።»

ከዚያ ቀን በኋላ አላቆምንም። ያልተናገርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ ቀፎ፣ መውለድ እንደምፈራ። እሳቸውም ባሌ ሕፃን ሆኖ ያደረገውን ሁሉ አጫወቱኝ፤ ቢሰማ አገር ጥሎ ይሄድ ነበር። ጭሱንም መላ ያገኙለት እሳቸው ናቸው። «ጉም ሲወርድ እናፈላዋለን፤ ጉምና ጭስን ማን ይለያቸዋል?» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ ጫካውን ሲሞላው የቀረውን ሰፈፍ ከውኃ ጋር አፈላን። በጨርቅ አጠለልነው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ረግቶ እንደ ሙሉ ጨረቃ ወጣ፣ ቢጫ፣ ንጹሕ። የተቀባውን ሸራ በፈላ ውኃ አጠብነው። ሰሙ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አማቴ ቅባኑግ ቀላቀሉበት። እኔ እቀባለሁ፤ እሳቸው የሞቀ ለስላሳ ድንጋይ በጨርቅ ይዘው ጨርቁ እስኪጠጣው ድረስ ያሹታል። ስፌቱን ከውስጥም ከውጭም። ሲያልቅ ሸራው ከበደ፣ ወዙ ወጣ። አማቴ በእፍኛቸው ውኃ ረጩበት። ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባለለና ወረደ። እሳቸውም እጄን ያዙኝ።

ልጄ የተወለደው በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ በሚመስልበት ከሰዓት በኋላ ነው። ወንዙ ያገሳል፣ ሸራው ከላያችን እንደ ከበሮ ይመታል። አማቴ ወገቤን ደግፈው «ጩኺ፣ የኔ ልጅ፣ ጩኺ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ» ይሉኝ ነበር፤ ማርያምንም አብረን ጠራናት። አንድ ጠብታ አልነካንም። ልጁ ደረቅ አጎዛ ላይ አረፈ። አማቴ ከሸራው ሥር ብቅ ብለው ወደ ዝናቡ እልል አሉ። ባንዳ ይሰማል ብዬ ስደነግጥ «ዝናቡ ይሸፍንልኛል!» አሉና ደገሙት።

ኅዳር ላይ ሣር ታጨደ፣ ቤታችን ተሠራ። የፈረስ ቤት መንገድ ሲከፈት እናቴ ልጄን አቀፈችው። ጣሊያንም ሄደ፣ ባሌም ጥይት ሳይነካው ተመለሰ። የተበደረው ሰም ለማርያም ተመለሰ፤ አማቴ እጥፍ አድርገው ነው የከፈሉት። ሸራው ግን ቤተሰብ ሆነ። ለሠርግ ይወጠራል፣ ለተዝካር ይወጠራል፣ አውድማ ላይ እህል ይለብሳል። እርጥቡን አይታጠፍም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣና አይጥ እንዳያገኘው ከጣራ ይሰቀላል። ዝናብ ሲዘንብበት ከውስጥ የነካውን ልጅ አማቴ ጆሮውን ይቆነጥጡት ነበር። ግንቦት ሲመጣ እኔና እሳቸው ደጅ አውጥተን እንደገና ሰም እናጠጣው ነበር፤ ሲያልቅ እሳቸው በወዲያ ጫፍ፣ እኔ በወዲህ ጫፍ ይዘን እናጥፈዋለን። ከባድ ነውና አንድ ሰው አይችለውም። ሁልጊዜ ከወዲያ ማዶ «ያዝኩት! በይ ድምፅሽን አሰሚኝ!» ይላሉ። እኔም «ይሳቡ፣ እሜቴ!» እላለሁ።

ያረፉት ክረምት ላይ ነበር። ለቀስተኛው ከዚያው ሸራ ሥር ተቀመጠ፤ በማንም ላይ ጠብ አላለም። ከዚያ ወዲህ ግንቦት በመጣ ቁጥር ሰሙን እኔ ቀባሁ፣ ማጠፉን ልጄ አገዘኝ። እሱ ዝም ብሎ ነው የሚይዘው፤ በአባቱ ወጥቷል።

ዛሬ ልጄ ወደ ቡሬ ሄዷል። ሸራውን ብቻዬን ቀብቼ ስጨርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። የወዲህ ጫፉን አንሥቼ ቆምኩ። የልጅ ልጄ ብቻዬን ስታገል አይታ አዘነችልኝ መሰል፣ አፍንጫዋን እንደያዘች መጥታ የወዲያውን ጫፍ በአንድ እጇ አነሣች። ከበዳት። አፍንጫዋን ለቀቀችና በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያዝኩት፣ አያቴ!» አለች። «አሁን ምን ላድርግ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም። እንደ ሙሽራ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት።