ወንድሜ ከሉማሜ አያልፍም

ጥፋተኛው ታናሽ ወንድሜ አበጀ ነው። ዛሬ ሉማሜ ሻይ ቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «እታለም፣ እማዬ የተቀበረችው የት ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሰው ሁሉ የሚሻማበትን ልብ ወለድ የጻፈው እሱ ነው። አጎታችን በሐሰት ምስክር የአንዲት ባልቴት መሬት እንደወሰደ ጻፈ፤ ስሙን እንኳ በወጉ አልቀየረም። ዘመድ ፊቱን አዞረበት። ስድስት ዓመት ቀዬውን አልረገጠም፤ ለእናታችን ቀብርም አልመጣም። የምንገናኘው በዓመት አንዴ እዚሁ መንገድ ዳር ነው።

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ያን መጽሐፍ ለማንበብ ነበር። ውሸት ባገኝበት ይቀለኝ ነበር፤ አጣሁበት።

አስተናጋጇ ትኩር ብላ አይታው «ጋሼ፣ ደራሲው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችው።

«የለም፣ ሰው ሁሉ ያመሳስለኛል» አላት። ከመጽሐፉ ያጣሁትን ውሸት ከአፉ አገኘሁት።

«ተነስ፣ መቃብሯን ላሳይህ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው» አልኩት።

«አጎቴ አለ።»

«አጎትህ በምርኩዝ ነው የሚሄደው! እንኳን አንተን ሊመታ ደጃፉንም አይሻገርም።»

ዞሮ መንገዱን አየ። ሸብቷል፤ መጠጥም ጎድቶታል። የአዲስ አበባው አውቶብስ ሲመጣ ጉንጬን ስሞኝ ተሳፈረ።

እማዬ እስክትሞት አልጋውን ታነጥፍለት ነበር። አሁን እኔ አነጥፋለሁ፤ የሚተኛበት ግን የለም።

እናንተስ መንገድ ዳር ብቻ የምታገኙት ዘመድ አላችሁ? እንዴት ቻላችሁት? ጻፉልኝ።

እኔ ግን ከእንግዲህ እሱን ለማየት ሉማሜ አልሄድም። ቤቱ ይምጣ።