የቁስቋሙ አልፋ ሮሜዮ

ጎንደር፣ ቁስቋም ላይ የዜማ መምህር የነበሩት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ አላምረው ይባላል። ድምፀ መልካም ስለነበር አባቱ ወንበሬን ይወርሳል ብለው ነገሩን ጨርሰውት ነበር። ጣልያን ጎንደር ሲገባ ግን ተማሪው ተበተነ፤ አላምረውም ከተበተኑት ጋር ተበትኖ ፒያሳ ባለው የጣልያኖች ጋራዥ ተገኘ። ሥራው መኪና ማጠብ ነበር። መሪጌታ ይህን ከሰሙ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ስሙን ሳይጠሩ ቆዩ።

በጋራዡ ካርሎ የሚባል፣ ሚላን ተወልዶ ያደገ ቀጭን መካኒክ ነበር። ወታደር ነኝ ይበል እንጂ ጠመንጃውን የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ አይመስልም። በወጣትነቱ አልፋ ሮሜዮ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ይገጥም ነበርና ስለ ሌላ ነገር ማውራት አይሆንለትም። አላምረው ከጣልያንኛ መጀመሪያ የለመደው ቃል እንጀራም ውኃም አልነበረም፤ ካንዴላ ነበር፤ የሞተሩን እሳት የምትጭረው ትንሽ ዕቃ።

ካርሎ ካንዴላ እያጸዳ ታሪኩን ይተርክለታል። አንድ ፈረንሳዊ ሚላን ዳርቻ ላይ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር፤ መኪናው ግን ለጣልያን ዳገት አቅም አጣ፤ ገዢም አጣ። ያን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ፋብሪካውን ወስደው ዳገት የሚወጣ መኪና እንሥራ አሉ። አልፋ የማኅበራቸው ስም ምሕጻር ነው። በኋላ ሮሜዮ የሚባል የናፖሊ አገር መሐንዲስ ገባበትና የራሱን ስም ከኋላ ቀጠለበት። ከዚያ ወዲያ ውድድር ነው። የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር መጀመሪያ ያሸነፉት እነሱ ናቸው፤ ለዚያም ነው አርማው ዙሪያውን በቅጠል አክሊል የተከበበው። ሺህ ማይል በሚሮጥበት ውድድር አንዱ ነጂ ከፊቱ ያለው እንዳያየው መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ ደረሰበት፣ ሲቀድመው ነው ያበራው ይባላል።

አላምረው ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ነገር አልገባው አለ። «ምነው እንዲህ መሮጣቸው? ምን ሊያደርሱ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ካርሎ ካንዴላውን አስቀምጦ አሰበ። «ምንም» አለ።

አላምረው ባደገበት አገር የሚሮጥ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው፤ አለዚያም ከብት ጠፍቶበታል። ምንም ሳይዝ፣ ለምንም ሳይሆን፣ ለሩጫው ብቻ የሚሮጥ ፍጡር አለ ሲባል የሰማው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ልቡ አልተመለሰም።

ጋራዡ ውስጥ አንዲት ቀይ አልፋ ሮሜዮ ነበረች፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ የአንድ መኮንን ንብረት። በሰዓት ከመቶ ስልሳ ኪሎሜትር በላይ መሮጥ ትችላለች ይባላል። ጎንደር ውስጥ ግን ከአህያ ኋላ ነበር የምትሄደው። ኅዳር 1934 እንግሊዞችና አርበኞች ከተማዋን ሊይዙ ሲቃረቡ መኮንኑ መኪናዋን እንዲደብቁለት አዘዘና ሄደ፤ የት እንደሄደ አልታወቀም። ካርሎና አላምረው ጎማዎቹን ፈትተው ቀበሩ። ገላዋን በሌሊት በሁለት ጥማድ በሬ አስጎትተው ወደ ቁስቋም አወጧትና ከመሪጌታ ጭድ ቤት አግብተው ጭድ አለበሷት። እንግሊዞች በከተማው ያለውን መኪና ሁሉ ሰብስበው ወሰዱ። ጎማ የሌለውን መኪና ግን የፈለገ አልነበረም። ካርሎንም ወሰዱት።

መሪጌታ መኪናዋን ያገኟት ክረምት ላይ ለላማቸው ጭድ ሊያወጡ ሲገቡ ነው። ልጃቸውን አስጠሩት።

«ይህ ምንድር ነው?»

«ማኪና ነው አባየ።»

«ማኪናነቱንማ አየሁት። ፊቱ ላይ ያለውን ነው የምጠይቅህ።»

ፊቷ ላይ ያለው አርማ ነበር። በግራ በኩል ቀይ መስቀል፤ በቀኝ በኩል ዘውድ የደፋ እባብ፤ በእባቡ አፍ ውስጥ እጁን የዘረጋ ሰው። አላምረው የሚላን ከተማ ምልክት መሆኑን አስረዳ። በዙሪያው የተጻፈው ምንድር ነው ሲባል ሳያስብበት «አልፋ ይላል» ብሎ አነበበ።

መሪጌታ አማተቡ። አልፋ የማን ስም እንደሆነ የዜማ መምህር ሊነገረው አይገባም፤ መጀመሪያም መጨረሻም የሆነው የፈጣሪ ስም ነው። ስሙን ጽፎ፣ መስቀሉን አቁሞ፣ ከጎኑ ሰው የሚውጥ ዘንዶ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ሃይማኖት እንደሆነ ሊፈቱት አልቻሉም። በመጨረሻ ፍርድ ሰጡ። መስቀል ስላለበት መስበር አይቻልም፤ እባብ ስላለበትም ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ጭዱን መልሰው አለበሱት።

ካርሎ ከእስር ተለቅቆ በ1938 ተመለሰ። ሚላን ያለው ፋብሪካ በጦርነቱ በቦምብ መመታቱን ሰምቶ ነበርና አገሬ ልግባ አላለም። ከአላምረው ጋር ትንሽ ጋራዥ ከፈቱ፤ የተቀበሩትንም ጎማዎች አወጡ። መኪናዋን ከጭድ ቤት ለማውጣት መሪጌታን ማስፈቀድ ግድ ነበር። አላምረው ጭድ ቤቱ ለጭድ እንዲለቀቅ እንደሚፈልግ ብቻ ነገራቸው። መሪጌታም ለጭዱ ሲሉ ፈቀዱ።

ሞተሩ የተነሣ ቀን የቁስቋም ውሻ ሁሉ ጮኸ። አላምረው ግን የአባቱን ሦስት የዜማ ስልቶች ነው የሰማው። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እንደ ግዕዝ ዜማ ጠንከር ብላ ትጀምራለች፤ በሁለተኛው እንደ ዕዝል ትከብዳለች፤ ከዚያ በላይ ስትገባ ድምፅዋ ይቀጥንና ይለሰልሳል፤ አራራይ ይሆናል። ለካርሎ ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር። ካርሎ ግን ካርቡራቶሩ መስተካከል አለበት ማለቱ መሰለው።

አላምረው ወለላ የምትባል ልጅ ሲያገባ መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ሙሽራ ልታመጣ ሄደች። የወለላ አባት ልጄን ዘንዶ አፍ ውስጥ አላስገባም አሉ። ሙሽራዋ በበቅሎ መጣች፤ አልፋ ሮሜዮዋ ከበቅሎዋ ኋላ እየዘገመች ተከተለች። ሚዜዎች እስክስታ እየመቱ ስለሚቆሙ በየጥቂቱ ቆመች። ውኃዋ ፈላ። በቅሎዋ ቀድማ ገባች።

ወለላ ረጋ ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። መኪናዋን አልጠላቻትም፤ አልወደደቻትምም። ኮፋኖው ሞተር ከጠፋ በኋላም ሞቅ ብሎ እንደሚቆይ ስታይ ግን በርበሬ ማስጫ አደረገችው። ያች መኪና እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የተሳፈረባትን ሁሉ ስታስነጥስ ኖረች።

ከጦርነቱ በኋላ የዓለም ሻምፒዮና እንደ አዲስ ሲጀመር አልፋ ሮሜዮ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈ። ካርሎ ሁለተኛውን ድል በሬዲዮ ሲሰማ መፍቻውን እንደያዘ አለቀሰ። በ1944 ዓይኑ ሲደክም አስመራ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። መኪናዋን ለአላምረው ተወለት። ሲሰናበቱ አደራ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዴ እንኳ በወጉ እንድትሮጥ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስታዘግም ኖረች» አለው። «ነውር ነው።»

አላምረው መሮጫ አጣ። ወደ ወለቃ ሲወርድ የሸክላ ሠሪዎቹ ገንቦና ጀበና ከመንገዱ ዳር ተደርድሯል። ወደ አዘዞ ሲሄድ ከብት አለ። ገበያ ቀን ሰው አለ፤ በዓል ቀን ደግሞ የበለጠ ሰው አለ። በሽተኛ፣ ሙሽራ፣ ጨው፣ አንዴም የተናደደ በግ ጭኖ በዝግታ ሲመላለስ አንድ ዓመት አለፈ።

በ1945 ከፋሲካ በኋላ ከዳባት መልእክተኛ መጣ። የመሪጌታ ታላቅ እህት እመት አመተ ሥላሴ በጠና ታማለች፤ ወንድሜን ሳላይ አልሙት ብላለች። መሪጌታ በቅሎ እንዲጫንላቸው አዘዙ። በቅሎ ዳባት እስክትደርስ እህታቸው ትቆይ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አላምረው በር ላይ ቆሞ «አባየ፣ እኔ ላድርስዎ» አለ።

መሪጌታ የበቅሎዋን ልጓም ለቀቁ። ከዚያ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ እባቡ በጨርቅ ይሸፈን። ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ መኪናዋ ትቁም፤ እሳቸው ወርደው ተሳልመው በእግራቸው ያልፋሉ። ወለላ በርበሬዋን አንሥታ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አመጣችና አርማው ላይ አሰረች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ጋቢና ገቡ። አነጠሱ። ተነሡ።

ከጎንደር ዳባት ባለው መንገድ ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አላምረው ያን ቀን ነው ያወቀው። አባቱ ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፣ ይራመዳሉ፤ እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። በበቅሎ ብንመጣ ኖሮ እንቀድም ነበር ብሎ አስቦም ነበር። አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ ግን መንገዱ ደጋው ሜዳ ላይ ወጣ። ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ገብሱ ገና አልተዘራም፤ ከብት የለም፤ ሰው የለም። አላምረው ወደ አባቱ ዞር ብሎ አየ። መሪጌታ ፊት ለፊት ነበር የሚያዩት። ነዳጁን ረገጠው።

መኪናዋ በመጀመሪያ ያላመነች መሰለች። ከዚያ ሄደች። መርፌው ስልሳን አለፈ፤ ሰማንያን አለፈ። ጠጠሩ ከሥር እንደ በረዶ ይንጫጫል፤ የነጠላው ቁራጭ ተፈትቶ በመሪጌታ መስኮት በኩል በረረ። መርፌው መቶን ሲያልፍ ሞተሩ ከፍ ካለው ድምፅ ገብቶ እዚያው ረጋ። አላምረው አባቱ ሊቆጡ ነው ብሎ ጆሮውን አዘጋጀ። ቁጣ አልመጣም። የመጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ ዝቅ ብሎ ቢያይ መቋሚያው የመኪናዋን ወለል ይመታል፤ በልክ፣ በሥርዓት፣ ማኅሌት ላይ እንደሚመታው። መሪጌታ ራሳቸው ያወቁት አይመስልም።

ከፊታቸው መታጠፊያ ሲታይ አላምረው እግሩን አነሣ።

«አላምረው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «አራራዩን ምነው ተውከው?»

  አላምረው ለካርሎ ማስረዳት ያቃተውን ነገር አባቱ ሳይነገራቸው ሰምተውታል። መታጠፊያውን በዝግታ አለፈና እንደገና ረገጠው።

ዳባት ሲደርሱ እመት አመተ ሥላሴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች። ከትናንት ጀምሮ ተሽሏት ነበር። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ስትቆም ከወንድሟ በፊት መኪናዋን አየችና ማን ሞቶ ነው አለች። ማንም እንዳልሞተ ሲነገራት ታዲያ ምን አጣደፋችሁ ብላ ተቆጣች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች።

በማግስቱ ጧት አላምረው ሲወጣ አባቱን ከመኪናዋ ፊት ቆመው አገኛቸው። አርማው ያለ ጨርቅ ነበር። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩት፤ በዚህም በዚያም አዩት።

«ሰውየው ወዴት ነው የሚሄድ?» አሉ።

«እንጃ አባየ። እየዋጠው ነው ይላሉ።»

«የሚዋጥ ቢሆን ፊቱ ወደ ውስጥ ነበር። ይህ ወደ ውጭ ነው የሚያይ፤ እጁንም ዘርግቷል። እየወጣ ነው።» ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እየወጣ ከሆነ ግድ የለም።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ዳባት ላይ ዘመድ በዛላቸው። ክርስትና አለ፤ ተዝካር አለ፤ ለማንም ያልታወቀ የአጎት ልጅ ታሟል። በሄዱ ቁጥር አምባ ጊዮርጊስ እስኪደርሱ ወርደው ይሳለማሉ፤ ሜዳው ላይ ሲወጡ መቋሚያቸውን ያመቻቻሉ። ለማንም አልተናገሩም። አላምረውም አልተናገረም። በዜማ ቤት ያልተጨዋወቱትን በዚያ ሜዳ ላይ፣ ምንም ሳይነጋገሩ ተጨዋወቱት። መሪጌታ በ1950 አረፉ።

በዓመቱ መኪናዋ ወደ ጭልጋ አይከል በሚወስደው መንገድ ላይ ተሰበረች። የተሰበረው የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ነው። አላምረው በመኪና ነጂዎች በኩል አስመራ ላከ። ካርሎ እንዲህ ያለ ዕቃ ከእንግዲህ እንደማይገኝ፣ ፋብሪካው ራሱ አሁን ብዙ ሰው የሚገዛቸው ትንንሽ መኪኖች ወደ መሥራት እንደዞረ መልሶ አስነገረው። መኪናዋን አይከል ከተማ ድረስ በበሬ አስጎተታት። በበሬ ስትጎተት ሁለተኛዋ ነበር።

አይከል ላይ ቢያዝን የሚባል ነጋዴ የወፍጮ ድንጋይ ነበረው፤ ሞተሩ ግን ተቃጥሎበታል። የአልፋዋን ሞተር አዳምጦ ለወፍጮ ስጠኝ፣ አብረን እንሥራ አለው። አላምረው እንቢ ብሎ ወደ ቁስቋም ተመለሰ፤ ክረምቱን ሙሉ እየተብሰለሰለ ከረመ። ወለላ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «ሞተሩ ደኅና ነው አላልክም?» አለችው።

«ደኅና ነው።»

«ታዲያ ደኅና ነገር ቁጭ ብሎ ምን ያደርጋል?»

መስከረም ላይ ዕቃቸውን ጭነው አይከል ገቡ። ሞተሩ ከድንጋይ መሠረት ላይ ታሰረ፤ ቀሪው ገላ በቢያዝን ግቢ ውስጥ ቀረና ዶሮ ይፈለፈልበት ጀመር። አላምረው መጀመሪያ ሰሞን አጠገቡ አያልፍም ነበር። ኋላ ለመደው፤ እንቁላል የሚሰበስበውም እሱ ሆነ።

ወፍጮው ችግር አልነበረበትም፤ ከፍጥነቱ በቀር። የመጀመሪያውን ቀን የጭልጋ ሴቶች ዱቄቱን እጃቸው ላይ አድርገው መልሰው ደፉት፤ ይፋጃል። አንዷ ይህ ሊጡ ሳይቦካ የሚበስል ነው ብላ ተቆጣች። አላምረው ሞተሩን እንዳይሮጥ አድርጎ ለማሰር ሳምንት ፈጀበት፤ ለውድድር የተወለደ ሞተር በልኩ እንዲዘግም ማስተማር ካንዴላ ከመለወጥ ይከብዳል። በመጨረሻ እሱና ሞተሩ ተስማሙ። እንደዚያም ሆኖ በወረዳው የሚቀድመው ወፍጮ አልነበረም። ሴቶቹ ቅርብ ያለውን ትተው፣ ወንዝ ተሻግረው ወደሱ መምጣት ያዙ፤ የአያ አላምረው ወፍጮ ሸጋ ነው፣ አያስጠብቅም እያሉ።

ቶሎ አስፈጭቶ ቶሎ የሚመለስ ግን አልነበረም። እህላቸውን ይሰጣሉ፤ ዱቄታቸውን ወዲያው ይቀበላሉ፤ ከዚያ ከግድግዳው ሥር ጥላ ይዘው ተቀምጠው እስኪመሽ ያወራሉ። ወለላም ከነሱ ጋር ትቀመጣለች። አላምረው ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ብቅ ይልና ድንጋዩን የያዘው እርጥብ ዳጉሳ የማን ነው ይላል። ሁሉም የኔ አይደለም ይላሉ።