ወንድሜ አብሾ የጠጣ ዕለት

ትናንት ከአጥሩ ሥር የበቀለውን አስተናግር ነቅዬ ጣልኩ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ በአመድም አሸሁት፤ ሽታው ግን ዛሬም አልለቀቀኝም። የሚከረፋ፣ አፍንጫ ላይ የሚከብድ ሽታ ነው። አበባው ነጭና ሸጋ ነው። ፍሬው እሾህ ለብሶ ይቆይና ሲደርቅ ተሰንጥቆ ጥቁር ዘር ያፈስሳል።

ባለፈው ሳምንት፣ "አባባ፣ ለፈተና አብሾ የሚሰጥ ሰው ያውቃሉ?" ብለህ ጠየቅኸኝ። ተቆጣሁህ። ቁጣ ግን መልስ አይደለም። መልሱን ዛሬ ልንገርህ።

አብሾ ከዚያ ጥቁር ዘር የሚሠራ ነገር ነው። አሠራሩን አልነግርህም፤ ብታውቀውም አይጠቅምህም። በቤተ ክህነት ተማሪዎች ዘንድ ከጥንት የኖረ ነው። ትምህርት አልገባው ያለ ተማሪ ይጠጣዋል፤ አእምሮ ይከፍታል ይባላል። "እገሌ አብሾ ጠጥቶ ድጓውን በአንድ ክረምት ዘለቀው" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዘለቁት ወሬው ረጅም ነው። ስላበዱት ግን "አብሾው ተነሣበት" ብለው በአጭሩ ያልፉታል። አንተም የሰማኸው ረጅሙን ወሬ ነው።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የምንኖረው ጎንደር አጠገብ ኮሶዬ ነበር፤ አባቴ ቄስ ነው። ደብራችን በጦርነቱ ሊቃውንቱን አጥቶ፣ ለበዓል ዜማ የሚመራ ሰው ከሌላ ደብር ይለምን ነበር። አባቴ ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው። ታላቅ ወንድሜን ጎንደር ዜማ ቤት አስገባውና፣ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወርዶ ልጁን ከሊቃውንቱ መካከል ቆሞ የሚያይበትን ቀን ይጠብቅ ጀመር። የወንድሜን ድምፅ የሰማ ሰው የያዘውን ሥራ ያቆም ነበር። ትምህርቱ ግን አይይዘውም፤ ጠዋት የተቀበለውን ማታ ይረሳል። እኔ በሬ ጠምጄ የማርስ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ፊደል አልቆጠርኩም።

ለፋሲካ ወደ ቤት ሲመጣ አባቴ ገና በር ላይ ጠየቀው።

"ምነው፣ ዘንድሮም ከመጀመሪያው፣ ከጾመ ድጓው አልወጣህም?"

"አልወጣሁም፣ አባ።"

"ካንተ በኋላ የገቡትስ?"

"አልፈውኛል።"

"በሬ እንኳ ሲመቱት ትልሙን ይይዛል!"

"እንግዲያው በሬውን ዜማ ቤት ይስደዱት፤ እኔ ልረስ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። ያ ሳቅ በቤታችን የመጨረሻው እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር።

አባቴ አብሾ የሚያውቅ አንድ መሪጌታ ፈልጎ አመጣ። እናቴን "እናት አንጀቷ አይችልም" ብሎ ደባርቅ እኅቷ ዘንድ ሰደዳት። እናቴ በአካባቢው የታወቀች አልቃሽ ነበረች። እሷ ሙሾ ካላወረደች ሟቹ በደንብ የተሸኘ አይመስልም ነበር። ድንጋይ የሆነ ወንድ እንኳ በእሷ ቃል ያነባል።

ወንድሜ ጓዳ ውስጥ ጠጣ። ጨለማ ነበር፤ በግድግዳው ስንጥቅ አንድ ቀጭን ብርሃን ብቻ ይገባል። መሪጌታው ከራስጌው ተቀምጦ ድጓውን ያዜማል። እኔ እንዳይነሣ እግሩን ይዣለሁ። "ከዜማው ሌላ ቃል እንዳይወጣችሁ፤ በዚህ ሰዓት የገባበት ነገር አይወጣም" ብሎ አስጠንቅቆናል።

መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፤ ሰውነቱ እሳት ሆነ። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑን ሞላው። ያንን የብርሃን ክር በጣቱ ሊለቅመው ይሞክር ጀመር። "በሬዎቹን አስወጡልኝ፣ መጽሐፉን ረገጡት" አለ። ጓዳው ውስጥ በሬ አልነበረም። ቀጥሎ ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ተጣበቀ፤ ድምፁ ጠፋ። ዓይኑን እንደከፈተ ጣራውን እያየ ቀጥ አለ።

እናቴ ልቧ አላስቀምጥ ብሏት ከመንገድ ተመልሳ ኖሯል። በሩን በትከሻዋ ከፍታ ገባች፤ ያንን የፈጠጠ ዓይን አየች። የሞተ መሰላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች።

"ከአባቱ ቀድሞ የሄደ እንግዳ፣
ማን ይቀበለዋል በማያውቀው ሜዳ።"

"ዝም በይ አንቺ ሴት! ቃልሽ ይገባበታል!" ብሎ መሪጌታው ጮኸ። አባቴ ክንዷን ይዞ ጎተታት። እሷ ግን ደረቷን እየደቃች ያንኑ ደጋገመችው። የወንድሜ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዜማውን የሚከተል መሰለኝና ደስ አለኝ።

ነፍሱ ተረፈች። ከድጓው ግን አንድ መስመር አልቀረለትም፤ የቀረው የእናቴ ሙሾ ነው። ሲያርስ ይለዋል፤ ውሃ ሲቀዳ ይለዋል። ጎረቤት "እንዴት አደርክ?" ሲለው፣ "እኔማ ተለቅሶልኛል" ብሎ ያልፋል። ሚስት ሲታጭለት፣ "ለተለቀሰለት ሰው ማን ልጁን ይሰጣል?" አለ። አባቴ በየዓመቱ ጥምቀት ቀሐ ይወርድ ነበር። የሊቃውንቱ ወረብ ሲጀመር ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ውሃው ያያል።

እናቴም ከዚያ ወዲያ በማንም ለቅሶ ላይ አፏን አልከፈተችም። የገዛ ወንድሟ ሲሞት እንኳ ዝም ብላ ተቀመጠች። "ኮራች" አሏት፤ "ጨከነች" አሏት። ቤት ስትገባ ወንድሜን አስቀምጣ፣ "የኔ ጌታ፣ እኔ ተሳስቼ ነው፤ አልሞትክም እኮ" ትለዋለች። እሱም እጇን ይስማል፤ አያምናትም።

እኔ ፊደልን በኋላ ብቻዬን፣ ያገኘሁትን ሰው እየለመንኩ ቆጠርኩ። ቀስ ብሎ ገባ፤ እስካሁን አለ። ልጄ፣ በችኮላ የተከፈተ በር ማን እንደሚገባበት አይመርጥም።

እናቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶው ቀዘቀዘ። ለእሷ የሚመጥን አልቃሽ አልተገኘም። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ "አንቺ ጀምሪ" ይባባላሉ። ያን ጊዜ ወንድሜ ከሰው መካከል ወጥቶ ከሬሳዋ አጠገብ ቆመ። ደንግጬ ክንዱን ልይዘው ተጠጋሁ። በዚያ ሥራ በሚያስፈታ ድምፁ፣ እንዲህ አለ፤

"ቀድሞ የሄደው ልጅ ይቆያል ከሜዳ፣
እናቱ ስትመጣ እንዳትሆን እንግዳ።"

ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አነባ። አባቴ፣ ያ ብርቱ ሰው፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከቀብር ስንመለስ ከወንድሜ ጎን ሄድኩ። ዝናብ ሊመጣ ነፋሱ እርጥብ አፈር ይሸት ነበር።

"አያ፣ ያንን መቼ ገጠምከው?" አልኩት።

"ያን ዕለት ነዋ፣ እሷ ስታለቅስልኝ። መልሼላት ነበር፤ አፌ ደርቆ አልሰማችኝም።"