በሎከስት አቀበት ላይ ያለችው ቢጫ ወንበር

ኬስለር ሂል ውስጥ ሚስትህን ቢቀሙህ ጥቂት ሰው ያዝንልሃል፤ በአካፋ የጠረግከውን ቦታ ቢቀሙህ ግን ከተማው በሙሉ ይነሳልሃል። በረዶ ጥሎ መኪናህን የምታቆምበትን ስፍራ ወገብህ እስኪቆረጥ ጠርገህ ካወጣኸው ያንተ ነው። ከቤት አንድ ወንበር ታወጣና መሀሉ ላይ ትተክላለህ፤ ከዚያ በኋላ ጳጳሱም ቢመጡ ዞረው ይሄዳሉ። የተጻፈ ሕግ አይደለም። የተጻፉትንስ ማን አነበባቸው! አራት ሺህ ሰዎች ነን፤ አራት ፖሊስ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አንድ የእሳት አደጋ አዳራሽ አለን። የብረት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የቀረን ነገር ቢኖር መተዋወቃችን ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ደግ ነገር አይደለም።

የዚህ የወንበር ሕግ ሊቀ ካህናት ስታን ሃቭራን ነበር። ዕድሜው ሰባ አራት፣ አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም። ፋብሪካው እስኪዘጋ ክሬን ነድቷል። ቤቱ ሎከስት ጎዳና ላይ፣ አቀበቱ ወገብ ላይ ነው። ሎከስት ጎዳና ሳይሆን ገደል ነው ብል ይቀለኛል፤ በበረዶው ወራት መሀል መንገድ ላይ የቆመ መኪና በቂጡ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከላይ እስከ ታች ሜዳ የምትባል ስፍራ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ከስታን በር ፊት ለፊት ያለችው ናት። እዚያች ላይ ነው ስታን ቢጫዋን የኩሽና ወንበር የሚተክለው።

“ለበርኒ ነው” ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። የሚስቱ የበርናዴት ልብ ደክሟል። እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም፤ ከመኪናው እስከ በሩ ያለችውን አሥራ ሁለት እርምጃ የምትሄዳት ሁለት ጊዜ ቆማ አየር ስባ ነው። ሐኪሙ ስታንን ለብቻው ጠርቶ፣ “ልቧን ካመማት እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት፤ ቶሎ ካልደረሳችሁላት ታመልጣችኋለች” ብሎታል። ስታን ይህችን ሴት ይወዳታል። ፀጉሯን ሳይቀር የሚያጥብላት እሱ ነው። ክፉ ሰው አይወድም ያለው ማን ነው?

ክፉነቱን ለማወቅ የሚፈልግ የምንበላና የምንጠጣበት የእሳት አደጋው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ይይ። ከቢራ መቅጃው በላይ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ያለው መኪና ነው፤ ግን በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ድፍን ያለ በረዶ ሆኗል። ከጎኑ ስታን የአትክልት ማጠጫ ጎማውን እንደ ጠመንጃ ይዞ ይስቃል።

መኪናው የዴኒስ ኩዝማ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ዴኒስ ከስታን በስድስት ቤት ከፍ ብላ የምትኖር፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ አስታማሚ ነበረች። ሴት ልጇ አስም አለባት። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ስትመለስ ልጅቷ እየተነፈሰች አይደለም ማለት ይቻላል፤ የዴኒስ በር አካባቢ ደግሞ በረዶው ደረት ይደርሳል። ዴኒስ ቢጫዋን ወንበር አነሳች፤ እግረኛው መንገድ ላይ በሥርዓት አስቀመጠቻትና መኪናዋን አቁማ ልጇን ተሸክማ ወጣች። ልጅቷን አስተኝታ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅባት ነው። ስታን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጎማውን ዘርግቶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ መኪናዋን ከጣሪያ እስከ ጎማ አርሶት ጨርሶ ነበር። ብርዱ የቀረውን ሠራ።

“ሚስተር ስታን፣ ልጄ ታማብኝ ነው እኮ!” አለች ደረጃው ላይ ቆማ።

“ወንበሬም ታማለች፣ ብርድ መታት” አላት።

ጎረቤቱ በየመስኮቱ ሳቀ። እውነቱን እናውራ ካልን ሁላችንም ስቀናል። መኪናው ሦስት ቀን ሙሉ አልተከፈተም፤ ሥራዋንም በዚያው አጣች። ለከተማው ምክር ቤት አቤት ብትል ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አውልቆ፣ “የኔ እመቤት፣ ወንበር እኮ ወንበር ነው” አላት። ፖሊሱም ትከሻውን ነቀነቀ። ፎቶው የተሰቀለው በዚያው ሳምንት ነው።

በርናዴት ብቻ አልሳቀችም። በማግስቱ የለውዝ ጥቅል ዳቦ ጋግራ፣ ያን አቀበት እየቆመች እየተነፈሰች ወጥታ የዴኒስን በር አንኳኳች። ያኔ ገና ትራመድ ነበር። ዴኒስ ዳቦውን ተቀበለቻት።

“ይቅርታውን ግን ባለቤቱ ያምጣው፣ በርኒዬ” አለቻት።

ባለቤቱ አላመጣም። በርናዴት ስምንት ዓመት ሙሉ ነዘነዘችው። “ሂድና ሁለት ቃል በላት፣ ስታሽ” ትለዋለች በቁልምጫ፤ “ወንበር ነክታለች” ይላታል። እሷ ልጅቷን ታነሳለች፣ እሱ ወንበሯን ያነሳል። እርፍ!

ዴኒስ ከዚያ በኋላ በበጎ ፈቃድ አምቡላንስ መንዳት ጀመረች። ለምን ቢሏት፣ “የኔ ልጅ ስትታፈን የሚመጣልኝ አጥቼ ነበር” አለች። አምቡላንሱ የሚያድረው አዳራሹ ሥር ስለሆነ፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር በዚያ ፎቶ ሥር ቁጭ ብላ ቡናዋን ትጠጣለች። ፎቶውን እናውርደው ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ ዘንድሮ የጾሙ ሁለተኛ ዓርብ ነው። በጾሙ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ ኬስለር ሂል አዳራሹ ገብቶ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፤ የማያምነውም ይጾማል፣ ለዓሣው ሲል። ከምሳ በኋላ ስታን ኮቱን ሲደርብ በርናዴት ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች፣ “ዛሬ እንኳ ይቅርብህ፣ ስታሽ። ደረቴን ከበድ ብሎኛል” አለችው።

“ዓሣ ካመጣሁልሽ ይቀልሻል። ግማሽ ሰዓት ብቻ።”

“እሺ፣ ያቺን ወንበር እንኳ አታውጣት። ኩሽናዬ በሦስት ወንበር ቀረ።”

“እና ስመለስ የት አባቴ ላቆም ነው? አንቺን በጀርባዬ ልሸከምሽ?”

ይህ ነገሩ እንኳ ትክክል ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ግን፣ “ዴኒስን ካየሃት ሰላም በላት” አለችው።

“በረዶዋ ሲቀልጥ” ብሎ እየሳቀ ወጣ። መኪናውን አወጣ፤ ወንበሯን ተከለ፤ አራቱ እግሮቿ እንዳይነቃነቁ በጫማው ረግጦ ወደ በረዶው ቀበራቸው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፍራንኪ፣ የስታን የፋብሪካ ጓደኛ፣ በላብ ተጠምቆ ዓሣ ይጠብሳል። ስታን ዓሣውን አዞ፣ ቢራውን ይዞ፣ ከላይኛው ሠፈር የመጡ አዲስ ባልና ሚስት አገኘና ፎቶው ሥር አቆማቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ጎማውን፣ ውሃውን፣ የዴኒስን ጩኸት እያስመሰለ አወራ። ዴኒስ ከሦስት ወንበር ወዲያ የአምቡላንስ ጃኬቷን ለብሳ ተቀምጣለች።

“ዴኒስ!” አለ ስታን ድምፁን ከፍ አድርጎ። “መኪናሽ ሞቀች ወይስ ገና ናት?”

ሰው አውካካ።

“ገና ናት፣ ሚስተር ስታን” አለች፤ ቀና ሳትል።

ይህን ስትል ጣሪያው ላይ ያለው ሳይረን ጮኸ። ተረኞቹ ዓሣቸውን ጥለው ተነሱ። ለማን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ አድራሻው የሚነገራቸው አምቡላንሱ ውስጥ ሲገቡ ነው። ዴኒስ ጓንቷን እያጠለቀች በስታን አጠገብ ሮጠች። ስታን ሳቁ የሞላለት፣ ሞቅ ያለው ሰው ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ለምን ይቅር?

“ሩጪ፣ ሩጪ!” ብሎ ከኋላዋ ጮኸ። “ወንበር ካገኘሽ ግን እንዳትነኪ!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዲሶቹ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ሳቁ። በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ።

ስታን ዓሣው እስኪደርስለት ሌላ ቢራ ጠጣ። ፍራንኪ ለበርናዴት ብሎ አንድ ትልቅ ቁራጭ ጨመረለት፤ ስታን ደግሞ ጎመኑን ትወዳለች ብሎ ጎመን አስጨመረ። የወረቀት ከረጢቱን ታቅፎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሎከስት ሥር ሲደርስ አምቡላንሱ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ውስጡ ሰው የለም። ስታን ጥሩምባውን አንባረቀው። አሁንም አንባረቀው።

“የማን ደደብ ነው መንገድ ላይ ያቆመ! ዓሣዬ ቀዘቀዘ እኮ!”

መልስ ሲያጣ እየተራገመ ወርዶ በእግሩ አቀበቱን ተያያዘው። ግማሽ መንገድ ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል። ቃሬዛው በረዶው ላይ ተቀምጧል። ዴኒስ ተንበርክካ የአንዲት ሴት ደረት በሁለት እጇ ትጫናለች፣ ትጫናለች፤ የአምቡላንስ ጓደኛዋ አየር ይሰጣል። ስታን መጀመሪያ ያወቀው ያበጠውን እግር ነው። በካልሲ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ሆኗል። በርናዴት ራሷ ደውላ፣ “በሬ ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ እዚያ አቁሙ” ብላ ነበር። ዴኒስ በደህና ወጥታ በሩ ድረስ ደርሳለች። ሜዳዋ ስፍራ ላይ ቢጫዋን ወንበር አየች። ጓደኛዋ “ውረጂና አንሺያት!” አላት። ዴኒስ በኋላ ለፍራንኪ እንደነገረችው እጇ መሪው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ፍሬኑን ስትይዝ አምቡላንሱ መንሸራተት ጀመረ፤ እስከ ሥር ወረደና እዚያ ቆመ። በርናዴትን በእግር ወጥተው አመጧት። ሲደርሱላት ተቀምጣ ትናገር ነበር፤ ቃሬዛው ላይ ስትወጣም ይቅርታ ጠይቃቸዋለች፣ ከብጃችኋለሁ ብላ። ልቧ የቆመው ያን በረዶ ቁልቁል እየተንፏቀቁ ሲያወርዷት ነው። ዴኒስ ሆን ብላ ነው የሚሉ አሉ። ያሻቸውን ይበሉ። ያን ቀን በዚያ አዳራሽ የሳቀ ሰው ስለ ዴኒስ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።

“ቦታ ነበር!” አለ ስታን። ድምፁ ቀጥኗል። “በሩ ላይ ቦታ ነበር እኮ! ለምን እዚያ አላቆማችሁም?”

“ወንበር ነበረበት” አለች ዴኒስ፣ እጇን ሳታቆም።

“አንስተሽ አትወረውሪያትም?!”

ዴኒስ ያኔ ቀና አለች። ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል፤ እጇ ግን መጫኑን አልተወም።

“እንዳትነኪ አሉኝ እኮ፣ ሚስተር ስታን።”

ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። በየመስኮቱ የነበረው ሰው መጋረጃውን መለሰ። ስታን ከረጢቱን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ፤ የዓሣው ዘይት በወረቀቱ አልፎ ኮቱን አበላሸው። በርናዴትን ሐኪም ቤት ያደረሷት ለደንቡ ያህል ነው።

የቀብሯ ቀን ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ ነበር። ስታን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ዴኒስ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ሲያልፍ አያት፣ አፉን ከፈተ፣ ያ ስምንት ዓመት የዘገየው ሁለት ቃል ግን አልወጣለትም። እሷም አልጠበቀችውም፤ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ከመቃብር ሲመለስ ሎከስት ላይ ሰው ቆሞ አየ። ፍራንኪና ጎረቤቶቹ አካፋ ተደግፈው ተሰልፈዋል። ከጎዳናው ሁሉ የእሱን ቦታ ብቻ አስፋልቱ እስኪታይ ጠርገውታል። ቢጫዋንም ወንበር ከበረዶው ቆፍረው፣ መቀመጫዋን በጨርቅ ወልውለው መሀሉ ላይ ተክለዋታል። እኛ እንግዲህ ሰው ስናጽናና እንዲህ ነው።

“አንተ እስክትመለስ ማንም አልነካትም” አለ ፍራንኪ። ከልቡ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “ዘብ ቆመን ነው የጠበቅንልህ፣ ወንድሜ።”

ስታን ከመኪናው ወረደ። ወደ ወንበሯ ሄዶ መደገፊያዋን ያዘ። ሁሉም ያየዋል። ወንበር አንስቶ መኪናውን ቦታው ላይ ማቆም ነው፤ አርባ ዓመት ያደረገው ነገር ነው። እጁ ግን መደገፊያዋ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

“ምነው፣ ስታን? እናንሳልህ?” አለ ፍራንኪ።

“እንዳትነኳት!” ብሎ ጮኸባቸው።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልቁል ወረደ። አምቡላንሱ ቆሞበት ከነበረው ሥፍራ አቁሞ፣ አቀበቱን በእግሩ፣ እየቆመ እየተነፈሰ ወጣው። ቃሬዛው ያረፈበት ጋ ሲደርስ መንገዱን ተሻገረና በወዲያኛው ጥግ አለፈ። ቤት ገብቶ ኩሽና ውስጥ ካሉት ሦስት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠ።

በረዶው በፋሲካ ሰሞን ቀለጠ። ወንበሯ ግን እስከ ሐምሌ እዚያው ቆማለች፤ እሱም ታች ያቆማል፣ እኛም እንዞራታለን።